ሳያልቅ የሚሸጠው ጌም

ጌም ሠሪው ኮናሚ ኢፉትቦል 2022ን የለቀቀው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ነው። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ ግራ ካጋባችሁ፣ ፔስ ማለት ነው። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ከፊፋ ጋር ሲፎካከር የኖረው፣ የተሸነፈ ከፍሎ የሚነሳበት ፔስ። ኩባንያው የድሮ ስሙን ጥሎ፣ ጌሙ የሚሠራበትን የራሱን ሶፍትዌር ፎክስ ኢንጂንን ትቶ ወደ አንሪል ኢንጂን ዞሮ፣ ዋጋውንም ነጻ አድርጎ ነበር የመጣው። ያለፈውን ዓመት አዲስ ጌም ሳይሠራ የተጫዋቾችን ዝርዝር በማደስ ብቻ ያሳለፈው ለዚሁ ነበር። ሰው ብዙ ጠበቀ።

በሰዓታት ውስጥ ፎቶው እየተቀባበለ ዓለም ሳቀ። የሜሲና የሮናልዶ ፊት እናታቸውም የማትለየው ሆኖ ነበር። ተጫዋቾች ሲጋጩ እጃቸው ወደማይታጠፍበት ይታጠፋል። መምረጥ የሚቻለው ክለብ ዘጠኝ ብቻ ነው። የፒሲ ጌም መሸጫው ስቲም ላይ በተጠቃሚዎች ግምገማ በወቅቱ የመጨረሻውን ደረጃ ያዘ። ኮናሚ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ኋላም ቀድሞ የሸጠውን ልዩ ጥቅል ሰርዞ ገንዘብ መለሰ።

እኔን የገረመኝ ፊታቸው አይደለም፤ ቁጥሩ ነው። የተለቀቀው ጌም ስሪቱ 0.9.0 ይላል። 1.0፣ ማለትም ያለቀ የሚባለው ስሪት፣ የመጣው ኤፕሪል 14 ቀን 2022 ነው፣ ከስድስት ወር በላይ ቆይቶ። ኩባንያው "አላለቀም" ብሎ በራሱ እጅ ጽፎበት ነው ያወጣው።

ስለዚህ ጌሞች ሳያልቁ ይለቀቃሉ ወይ ብሎ መጠየቅ አሁን የዋህነት ነው። ይለቀቃሉ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙ ናቸው፤ ትልልቆቹም አሉበት። የሚያከራክረው ለምን እንደሆነና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ሠሪዎቹ ሰነፉ" ነው። እኔ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ባግ (የአሠራር ስህተት) የሌለው ጌም ኖሮ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ የፖኬሞን ጌሞች ውስጥ ሚሲንግኖ የሚባል፣ ማንም ያልሳለው የተበጣጠሰ ፍጡር ድንገት ብቅ ይል ነበር፤ ልጆች እሱን ሲያሳድዱ ነው ያደጉት። "የድሮ ጌም ተጠናቆ ነበር የሚመጣው" የሚለው ወሬ ግማሹ ናፍቆት ነው። ያላለቀ የምለው ሌላ ነገር ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ችግሩን እያወቁት፣ ለማስተካከል ስንት ወር እንደሚፈጅም እያወቁ፣ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ የወጣውን ነው።

እሱም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1982 ጌም ሠሪው አታሪ ኢቲ የተባለውን ፊልም ወደ ጌም ለመቀየር መብቱን ገዛ። ለገና ገበያ መድረስ ነበረበት። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ለሚባል ፕሮግራመር አምስት ሳምንት ገደማ ተሰጠው። ሰውዬው በሰዓቱ አደረሰ። የወጣው ግን ተጫዋቹ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ መውጣት የሚያቅተው ጌም ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ (ያኔ ጌም የሚሸጥበት ዕቃ) ሳይሸጥ ቀረ፤ ከተሸጠውም ብዙው ተመለሰ። አታሪ በ1983 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። በእርግጥ ኢቲ ብቻውን አይደለም ያከሰረው። ኩባንያው የተረፈውን ዕቃ በጭነት መኪና አስጭኖ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ቀበረው። ለሠላሳ ዓመት "ተረት ነው" ሲባል ኖሮ በኤፕሪል 2014 ተቆፍሮ ወጣ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያኔ የችኮላው ዕዳ ተመልሶ የወደቀው ያቻኮለው ኩባንያ ላይ ነው። ካርትሪጅ አንዴ ከታተመ አበቃ። የሚያርመው የለም።

ይህን የቀየረው ኢንተርኔት ነው። እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ ኮንሶል ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ፣ ጌም ከተሸጠ በኋላም ፓች የሚባል ማረሚያ እየላኩ ማስተካከል ተቻለ። መጀመሪያ ላይ ግን ፓች በነጻ አልነበረም። በ2012 ፖሊትሮን የሚባል የሞንትሪያል ትንሽ ስቱዲዮ ፌዝ የሚባል ጌም ነበረው። ለማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ 360 ያወጡት ፓች የአንዳንድ ተጫዋቾችን ሴቭ፣ ማለትም የደረሱበት የሚቀመጥበትን ፋይል፣ ያበላሽ ነበር። ሌላ ፓች ለማስገባት ደግሞ ማይክሮሶፍት እንደገና ለሚያደርገው ምርመራ በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ክፍያ አለ። ስቱዲዮው አሰበና ያንኑ ችግር ያለበትን ፓች እንዳለ መልሶ ለቀቀው፤ የሚጎዱት ከመቶ አንድ አይሞሉም ብሎ። ሰው ተቆጣ። በ2013 ማይክሮሶፍት ክፍያውን አነሳ።

ለትንንሾቹ እፎይታ ነበር፤ ይገባቸዋልም። ግን ያ ክፍያ ሳይታሰብ ልጓም ሆኖ ነበር። ፓች የሚያስከፍል ከሆነ ሠሪው ሁለቴ ያስባል። በነጻ ከሆነ "በኋላ እናስተካክለዋለን" ማለት ቀላል ነው።

ያ ነገር የት ድረስ እንደሄደ ለማየት ከቶኒ ሃውክስ ፕሮ ስኬተር 5 የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አክቲቪዥን በ2015 ያወጣው ነው። ዲስኩ ላይ 4.6 ጊጋባይት ነበር። በመጀመሪያው ቀን የሚወርደው ፓች 7.7 ጊጋባይት። ፓቹ ከጌሙ ይበልጣል! ኢንተርኔት የሌለው ሰው ዲስኩን ከቶ የሚያገኘው መለማመጃውንና የራስን መናፈሻ መሥሪያውን ብቻ ነው። ቀሪው ጌም ዲስኩ ላይ የለም። ለምን እንዲህ ተጣደፉ? አክቲቪዥን ጌሙ በስሙ ከተጠራው ስኬትቦርደር ከቶኒ ሃውክ ጋር የነበረው ውል የሚያበቃው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲስክ ታትሞ፣ ታሽጎ፣ በየአገሩ ሱቅ እስኪደርስ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ጌሙ "ጎልድ ሆነ" ተብሎ ወደ ማተሚያ ሲላክ ሥራው አይቆምም። በነዚያ ሳምንታት የተሠራው ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ፓች ይሆናል። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ፣ ለትርፍ ጊዜ የታሰበው ክፍተት ዋናው የሥራ ጊዜ ሆነ። "ጎልድ" ማለትም ያለቀ ማለት መሆኑ ቀረ።

ይህን በሳይበርፐንክ 2077 ላይ ዓለም በዓይኑ አየው። ዋርሶ ያለው ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ ጌሙን ያስተዋወቀው በ2012 ነው። መጀመሪያ ኤፕሪል 16 ቀን 2020 ይወጣል ተባለ። ከዚያ ወደ ሴፕቴምበር ተገፋ። ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19። በኦክቶበር መጀመሪያ "ጎልድ ሆኗል" ብለው አወጁ። በዚያው ወር መጨረሻ እንደገና በ21 ቀን ገፉት። በመጨረሻ ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ወጣ።

ጥሩ ፒሲ ያለው ሰው አስደናቂ ከተማ አየ፤ ባግ ባይጠፋውም። በፕሌይስቴሽን 4 የከፈተው ሰው ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። መንገዱ ባዶ ነው። የሰዎቹ ፊት ከተጠጋሃቸው በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚጠራው። አንዳንዱ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ሰው ከገደልክ ፖሊስ ከየትም ሳይመጣ ጀርባህ ላይ ይፈጠራል። ከዚያ ጌሙ ይዘጋል፤ ተመልሰህ ትገባለህ፤ ይዘጋል። ፒሲውም ቢሆን አላመለጠም። የሴቭ ፋይሉ ከ8 ሜጋባይት ካለፈ ይበላሽ ነበር። ማለትም ብዙ የተጫወተና ብዙ ዕቃ የሰበሰበ ሰው ነው የሚቀጣው።

በሳምንቱ ሶኒ ጌሙን ከፕሌይስቴሽን ስቶር አወጣው፤ ገንዘብ መልሱልኝ ላለም እመልሳለሁ አለ። ይህን ያህል ትልቅ ጌም እንዲህ ሲደረግ አልታየም ነበር። የተመለሰው ጁን 21 ቀን 2021 ነው።

ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ማርቺን ኢቪንስኪ በጃንዋሪ 2021 ቪዲዮ ላይ ወጥቶ አስረዳ። ጌሙ መጀመሪያ ፒሲ ላይ እንዲያምር ተደርጎ ተሠራ፤ ከዚያ ወደ ቆየው ኮንሶል ይወርዳል ተባለ። ከተማዋ ግን ያለማቋረጥ ከዲስክ እየተነበበች የምትጫን ናት፤ በ2013 የወጣው የፕሌይስቴሽን 4 ሃርድ ዲስክ ደግሞ ያን ፍጥነት አይችልም። ሥራውን አቅልለን አየነው አለ። እስከዚህ አሳማኝ ነው። ቀጥሎ ግን፣ በፈተና ጊዜ ተጫዋቾች ካዩት ችግር አብዛኛው አልታየም አለ። ይህን ለመቀበል ይከብደኛል። የዜና ድርጅቱ ብሉምበርግ ያነጋገራቸው ሠራተኞችም ብዙው ችግር ይታወቅ እንደነበር፣ ማስተካከያ ጊዜ ግን እንዳልነበረ ነው የተናገሩት።

ደግሞም ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የፒሲው ብቻ ነበር። የራሳቸውን ቀረጻ ማሳየትም አልተፈቀደላቸውም፤ ኩባንያው የሰጣቸውን ቪዲዮ ብቻ ነው ያሳዩት። የፕሌይስቴሽን 4ን ገመና ያየ ሰው አልነበረም፣ ገንዘቡን ከፍሎ እስኪከፍተው ድረስ። የማያውቅ ሰው እንዲህ አይደብቅም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጌሙ ሳይወጣ 8 ሚሊዮን ሰው ቀድሞ ገዝቶታል። ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው፣ ከዚያ ቅድመ ሽያጭ የሚገኘው ገቢ ብቻ ጌሙን ለመሥራትና ለማስተዋወቅ የወጣውን ሁሉ ሸፍኗል። ያ ሁሉ ጩኸት እያለ እስከ ዲሴምበር 20 ድረስ 13 ሚሊዮን ተሸጠ። ኩባንያው ምንም አልሆነም ማለቴ አይደለም። የአክሲዮኑ ዋጋ ወደቀ፤ አሜሪካ ያሉ ባለአክሲዮኖች ከሰሱት፤ ክሱም በ1.85 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ልብ በሉ፣ ያ ካሳ የባለአክሲዮን ነው። ጌሙን የገዛውን ሰው አይመለከትም።

ቀኑ ከየት እንደሚመጣ ብዙ ሰው አያስብም። ጌሙ ሲደርስ የሚወጣ ይመስለዋል። ትልቅ ጌም ግን ከመውጣቱ ከወራት በፊት የማስታወቂያ ቦታ ተገዝቶለታል፤ ሱቆች መደርደሪያ ይዘውለታል፤ ኩባንያው ለባለአክሲዮኖቹ "በዚህ የበጀት ዓመት ይህን ያህል እናስገባለን" ብሎ ቃል ገብቶበታል። ሦስት ወር መግፋት ማለት የሦስት ወር ደመወዝ መክፈልና የተከፈለ ማስታወቂያ መጣል ነው። ካልተገፋ ደግሞ ፓች አለ። ሒሳቡን የሚሠራው ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ሲቲስ ስካይላይንስ 2 ላይ ይህ በግልጽ ታየ። ሠሪው ፊንላንድ ያለው ኮሎሳል ኦርደር ነው፤ ሠላሳ ገደማ ሰው ያለው ስቱዲዮ። ከመውጣቱ በፊት በሰጡት መግለጫ ጌሙ ያሰቡት ፍጥነት ላይ እንዳልደረሰ በግልጽ ተናገሩ። ቢሆንም አሁን መልቀቁ ይሻላል ብለው በኦክቶበር 24 ቀን 2023 ለቀቁት። ውድ ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ጌሙ እየተንቀረፈፈባቸው ተናደዱ። ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ከደረሱባቸው አንዱ ጥርስ ነው። ይህ ከተማ የሚገነባበት ጌም ነው፤ ነዋሪዎቹን ከሰማይ ሆነህ ነጥብ አክለው ነው የምታያቸው። ግን እያንዳንዳቸው አፍ ውስጥ ጥርሳቸው አንድ በአንድ ተሠርቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ማንም የማያየውን ጥርስ ሲስል ይውላል።

በቂም ሆነ በሳቅ ብቻ አይታለፍ፤ ይህ ጥርስ ብዙ ያስረዳል። ሩቅ ያለን ነገር በቀላል ቅርጽ መተካት የታወቀ ሥራ ነው። የማያውቀው ሠሪ የለም። ግን የመጨረሻ ሥራ ነው። መጀመሪያ ጌሙ መኖር አለበት፤ ከዚያ መሙላት አለበት፤ ማፍጠንና ባግ መልቀም የሚመጣው ከዚያ ነው። የፊተኛው ሥራ በሁለት ወር ከዘገየ ሁለቱ ወር የሚቀነሰው ከመጨረሻው ነው፤ ቀኑ አይነካምና። ለዚህ ነው ያላለቁ ጌሞች ሁሉ በሽታቸው የሚመሳሰለው። ታሪኩ ግሩም፣ ሥዕሉ ግሩም፣ ግን ይዘጋል፣ ይንቀረፈፋል፣ ሴቭ ይበላል።

ስለዚህ "ሰነፎች" የሚለው ስድብ የሚያርፈው የተሳሳተ ሰው ላይ ነው። የሲዲ ፕሮጄክት ኃላፊዎች በ2019 ሠራተኛውን በግዴታ ትርፍ ሰዓት እንደማያጨናንቁ ቃል ገብተው ነበር። በሴፕቴምበር 2020 በሳምንት ስድስት ቀን ግቡ አሉ። ባግ ፈላጊዎቹም ቢሆኑ ሥራቸውን ይሠራሉ። ያገኙትን ባግ ይመዘግባሉ፤ ጌሙን የሚዘጋው አንደኛ፣ የሚያስቀው ሁለተኛ፣ ማንም የማያየው ሦስተኛ ተብሎ ይደረደራል። ቀኑ ሲቀርብ ስብሰባ ይደረግና "ይህ ከነችግሩ ይውጣ" ይባላል። ያን የሚለው ባጉን ያገኘው ልጅ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የማይስማማበትን ልበል። እነዚህን ጌሞች ያባባሰው "ተስተካክሎ ግሩም ሆነ" የሚለው ታሪክ ነው።

ኖ ማንስ ስካይ በኦገስት 2016 ሲወጣ የሠሪው የሄሎ ጌምስ ኃላፊ ሾን መሬይ በቃለ መጠይቅ ያወራው ብዙ ነገር ጌሙ ውስጥ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ተጫዋቾች ተቀጣጥረው በዚያ ሰፊ ዩኒቨርስ አንድ ፕላኔት፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አልተያዩም። አብሮ መጫወት የሚቻል መስሏቸው ነበር። ሄሎ ጌምስ ከዚያ ዝም ብሎ ሠራ። በጁላይ 2018 እውነተኛ አብሮ መጫወት መጣ። ማሻሻያው ሁሉ በነጻ ነው፤ ለዓመታትም ቀጥሏል። ሳይበርፐንክም በሴፕቴምበር 2023 በ2.0 ፓችና ፋንተም ሊበርቲ በተባለው ተጨማሪ ክፍሉ ተነሣ፤ እስከ ኦክቶበር 2023 ድረስ 25 ሚሊዮን ኮፒ ተሸጧል። ዛሬ ማንም ወዳጁን "ተጫወተው" ይለዋል። እኔም እላለሁ።

ግን እነዚህ ሁለቱን ምን አመሳሰላቸው? ሁለቱም ሳያልቁ በብዛት ተሸጠዋል። ሄሎ ጌምስ ጥቂት ሰው ያለው ስቱዲዮ ነው፤ የመጀመሪያው ሽያጭ ለዓመታት ያኖረዋል። የሳይበርፐንክ ሠሪዎች ደግሞ ከዚህ ጌም ሌላ ስም የሚያድንላቸው የለም። መጠገኑ የሚያዋጣ ነበር።

ያላዋጣውን እንይ። ባዮዌር የሠራው፣ ኢኤ ያሳተመው "አንተም" (Anthem) የሚባል ጌም በፌብሩዋሪ 2019 ወጣ። ባዶ ነው ተባለ። ከሥሩ እንደገና ሊሠሩት ጀመሩ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ኢኤ በቃ አለ። ኢንተርኔት ከሌለ የማይከፈት ጌም ስለሆነ፣ ኢኤ ሰርቨሩን ጃንዋሪ 12 ቀን 2026 ሲዘጋ በገንዘባቸው የገዙት ሰዎች ምንም አልቀራቸውም። ሬድፎል የሚባለው ጌም በሜይ 2023 በ70 ዶላር ወጣ። በዓመቱ ማይክሮሶፍት ስቱዲዮውን አርኬን ኦስቲንን ዘጋ። በውዱ እትም ውስጥ ቀድመው የተሸጡት ሁለት ተጨማሪ ገጸ ባሕርያት አልመጡም፤ ለገዙት ሰዎች የዚያ ዋጋ እንዲመለስ ተደረገ። ዘ ዴይ ቢፎር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ዲሴምበር 7 ቀን 2023 ወጣ፤ በአራተኛው ቀን ስቱዲዮው መዘጋቱን አስታወቀ።

ስለዚህ "ፓች ይመጣል" የሚለው ቃል ኪዳን አይደለም። የንግድ ውሳኔ ነው። የተሸጠው ይጠገናል፤ ያልተሸጠው ይጣላል። የመጀመሪያው ሳምንት ገዢ የሚከፍለው ለጌሙ ብቻ አይደለም፤ ጌሙ ይጠገን ወይስ ይጣል በሚለው ውርርድም ላይ ነው። እጣው ውስጥ እንደገባ ግን የነገረው የለም።

"አላለቀም" ብሎ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም። ስቲም ከ2013 ጀምሮ ኧርሊ አክሰስ የሚባል ነገር አለው። ጌሙ በጅምር ላይ እንዳለ ተነግሮህ ነው የምትገዛው። ቤልጅየም ያለው ላሪያን ባልደርስ ጌት 3ን እንዲህ በኦክቶበር 2020 ለሽያጭ አቀረበ። የከፈለው ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ እንደሚያገኝ ያውቃል። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል በኦገስት 2023 ሙሉው ወጣ። ያኔም ሦስተኛው ክፍል ላይ መንቀርፈፍ ነበር፤ ፍጹም አይደለም። ግን ማንም ተታለልኩ አላለም። በዚያው በር ስታር ሲቲዝንም አለ። ከ2012 ጀምሮ ከተጫዋቾች ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ እስካሁን አላለቀም። ስለ እሱ ለብቻው መጻፍ ይሻላል።

መዘግየትም መድኃኒት አይደለም። ዱክ ኑከም ፎሬቨር በ1997 ታውጆ በ2011 ወጣ፤ አሥራ አራት ዓመት ቆይቶም የማይረባ ነበር። ጊዜ የሚጠቅመው ምን እንደሚሠራ ለሚያውቅና ገንዘብ ለማያስጨንቀው ነው። ኒንቴንዶ በማርች 2022 አዲሱን ዜልዳ ወደ ቀጣዩ ዓመት ገፋው፤ በሜይ 2023 ሲወጣ በዚያ ደካማ ኮንሶሉ በስዊች ላይ ያለ ችግር ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ኒንቴንዶ ግን ኮንሶሉም፣ ገንዘቡም የራሱ ነው። ሲልክሶንግ የሚባለውን ጌም የሠሩት አውስትራሊያውያን ሦስት ሰው ናቸው ማለት ይቻላል። በ2019 አስተዋውቀው በሴፕቴምበር 2025 አወጡት። የመጀመሪያው ጌማቸው በሚሊዮኖች ስለተሸጠ ማንም "ቀኑ ደረሰ" ብሎ አይደውልላቸውም። ላሪያንም በአክሲዮን ገበያ ላይ የለም። የሚዘገዩት ጀግኖች ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ መዘግየት ስለሚችሉ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። አሜሪካ ወይም ጀርመን ያለ ተጫዋች ፓች ሲመጣ ማታ አስጀምሮት ይተኛል፤ ጠዋት አልቆ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ዳታ የሚገዛው በጊጋባይት ነው። የሳይበርፐንክ 1.2 ፓች በማርች 2021 ሲመጣ 500 ገደማ ማስተካከያ ነበረው፤ የሚወርደውም ከ30 ጊጋባይት በላይ ነበር። የብዙ ሰው የወር ጥቅል ለዚያ አይበቃም። ኩባንያው ያልጨረሰውን ሥራ ለማስጨረስ ሁለተኛ ዋጋ እየከፈልን ነው ማለት ነው።

ገንዘብ መመለሱም እንዲሁ ነው። ስቲም ላይ በ14 ቀን ውስጥ ከሆነና ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ ይመለሳል። ጥሩ ነው። ፕሌይስቴሽን ስቶር ግን ማውረድ ከጀመርክ በኋላ፣ ጌሙ ተበላሽቶ ካልሆነ በቀር አይመልስም። ኢትዮጵያም ስቶሩ ከሚያገለግላቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ሰው የአሜሪካ ወይም የሌላ አገር አካውንት ከፍቶ፣ አሜሪካ ያለች እህቱ በላከችለት ጊፍት ካርድ ነው የሚገዛው። እንዲህ ያለው ሰው ለአቤቱታ የት ይሄዳል?

ደግሞ በሃርድ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው ኮፒ አለ። ሕጋዊ አይደለም፤ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሱ ነው። የሚዞረው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስሪት ነው። በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ይህ ችግር አልነበረም፤ ዲስኩ ላይ ያለው ያው ጌሙ ነው። አሁን ግን ዓለም 2.0ን ሲያደንቅ፣ ኮፒው የደረሰው ልጅ የዲሴምበር 2020ውን ሳይበርፐንክ እየተጫወተ "ምኑ ነው እንዲህ የሚወራለት?" ይላል።

ቀጣዩ ትልቅ ፈተና ጂቲኤ 6 ነው። መጀመሪያ በ2025 መጸው ይወጣል ተባለ። ከዚያ ወደ ሜይ 26 ቀን 2026 ተገፋ። ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19 ቀን 2026። ብዙ ሰው ተናደደ፤ የሠሪው የሮክስታር ባለቤት የሆነው የቴክ ቱ አክሲዮንም ወረደ። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። የቴክ ቱ የበጀት ዓመት ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው። ከሜይ ወደ ኖቬምበር ሲገፋ ገቢው ያው ለዚያ ዓመት የተያዘው ሒሳብ ውስጥ ነው የሚገባው። የሚገፉትም እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ሒሳቡ ይነግራል።

ሮክስታር ጌሙን ለማጥራት ጊዜ መውሰዱን እደግፋለሁ። እኔ የምጠብቀው ግን ማስታወቂያውን አይደለም። ሁለተኛው ማስታወቂያ የተቀረጸው በፕሌይስቴሽን 5 ነው ብለዋል። ጌሙ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ላይም ይወጣል፤ ከሚወጣባቸው ሁሉ ደካማው እሱ ነው። ባልደርስ ጌት 3 ኤክስቦክስ ላይ እስከ ዲሴምበር 2023 የዘገየው በዚሁ ማሽን ምክንያት ነበር፤ ሲወጣም ስክሪን ለሁለት ከፍሎ መጫወቱ በሲሪስ ኤስ ላይ ቀረ። ስለዚህ ሲሪስ ኤስ ያላችሁ፣ ከመውጫው ሳምንት በፊት ሁለት ነገር እዩ። ገምጋሚዎች የተሰጣቸው የየትኛው ማሽን ስሪት ነው? ግምገማቸውን እንዲያወጡ የተፈቀደላቸውስ ከቀናት በፊት ነው ወይስ በዚያው ቀን? በራሳቸው የቀረጹት የሲሪስ ኤስ ቪዲዮ ከሌለ፣ ገንዘባችሁን እስከ ጃንዋሪ ያዙት።